የቀድሞ ዘመን መፍቻዎች ዕድሜ እንዴት ይታወቃል? ከድሬዳዋ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው። በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ መካኒክ ከነበሩት አያታቸው አንድ የእንጨት ሳጥን ሙሉ መፍቻ ወርሰዋል። ከውስጡ ስድስቱን መርጠው፣ የተጻፈባቸውንም ገልብጠው ዕድሜያቸውን ይጠይቃሉ። በተለይ በቧንቧ መፍቻው ላይ 1869 የሚል ዓመት አይተው «ይህ ዕቃ በእርግጥ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል ወይ?» ብለዋል። በመጨረሻም ዝገቱን በምን ቢያጸዱት እንደሚሻል ማወቅ ይፈልጋሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በመፍቻዎቹ ላይ የተመቱትም እንደዚያው ስለሆኑ ባይቀየሩ ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ልመና አለኝ። ይህን ምላሽ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ከሳጥኑ የወጣውን ምንም ነገር በሽቦ ብሩሽም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት አይንኩ። ዕድሜን የሚናገሩት ፊደላትና ምልክቶች ብዙ ጊዜ ጥልቀት የላቸውም፤ አንድ ጊዜ ከተፋቁ ደግሞ የሚመልሳቸው የለም።

የመፍቻ ዕድሜ ሲጠየቅ የሚጠበቀው መልስ አንድ የታወቀ ዓመት ነው። የተሠሩበትን ዓመት በላያቸው ይዘው የሚገኙት መፍቻዎች ግን ጥቂት ናቸው። ለቀሩት ማግኘት የምንችለው ሁለት ወሰን ነው፤ አንደኛው «ከዚህ በፊት ሊሠራ አይችልም» የሚያሰኝ፣ ሁለተኛው «ከዚህ ወዲያ መሠራቱ ቀርቷል» የሚያሰኝ። ጽሑፉ፣ የልኩ ሥርዓት፣ የብረቱ ዓይነትና የላዩ ልባጥ የየራሳቸውን ወሰን ያስቀምጣሉ፤ ሁሉም የሚስማሙበት ዘመን የመፍቻው ዘመን ነው። ምልክቶቹ የተለያየ ዘመን ሲያመለክቱ ደግሞ የሚያመዝነው ዘግይቶ የመጣው ነው፤ አንድ ዕቃ የቆየ ቀን ሊሸከም ይችላል፣ ገና ያልተፈለሰፈ ነገር ግን ሊኖረው አይችልም።

በዚህ መለኪያ የቧንቧ መፍቻዎን እንየው። በላዩ ያለው 1869 የተሠራበት ዓመት አይደለም፤ ፓተንቱ (የፈጠራ መብቱ) የተሰጠበት ነው። ዳንኤል ስቲልሰን የተባለ፣ በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ለዎልዎርዝ ኩባንያ ይሠራ የነበረ መካኒክ፣ እጀታው በተጎተተ ቁጥር መንጋጋው ይበልጥ እየነከሰ ክቡን ቧንቧ የሚይዝ መፍቻ ፈልስፎ ኦክቶበር 12 ቀን 1869 የፈጠራ መብት አገኘ። ዛሬ በቧንቧ ሠራተኞች እጅ ያለው መፍቻ በመሠረቱ ያው ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የፓተንት ዕድሜ 17 ዓመት ስለነበር፣ የመጀመሪያው መብት ካለቀ በኋላ ሌሎች አምራቾችም ይህንኑ ዓይነት መፍቻ በስቲልሰን ስም እየሠሩ ሸጠዋል። አምራቾች የፓተንት ቀን ያለበትን ጽሑፍ እንደ መልካም ስም ስለሚቆጥሩት መብቱ ካበቃ ከብዙ ዓመት በኋላም ይመቱት ነበር። ስለዚህ 1869 የሚነግረን የታችኛውን ወሰን ብቻ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚረዳን እርስዎ እንደ ዋዛ የጠቀሱት ነገር ነው፤ «ሜድ ኢን ዩ ኤስ ኤ» የሚል ጽሑፍ አለበት ብለዋል። የአገር ስም በዕቃ ላይ መጻፍ የተለመደው እንግሊዝ በ1887፣ አሜሪካ ደግሞ በ1890 ባወጧቸው የንግድ ሕጎች ምክንያት ነው። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መሆኑን፣ እጀታውም እንጨት ሳይሆን ሙሉ ብረት መሆኑን ስንጨምርበት፣ መፍቻው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ ነው ማለት ያስደፍራል። ዕድሜው 150 ዓመት አይሞላም፤ ይሁን እንጂ መቶ ዓመት ገደማ ቢሆነው አልገረምም።

ስለ ፓተንት ሌላም ጠቃሚ ነገር አለ። በአሜሪካ ዕቃዎች ላይ እስከ 1927 ድረስ የሚመታው የፓተንቱ ቀን ነበር፤ በዚያ ዓመት ሕጉ ተሻሽሎ ቁጥሩ እንዲጻፍ ሆነ። ስለዚህ ቀን ብቻ ያለው መፍቻ ወደ ቀደመው ዘመን፣ ቁጥር ያለው ወደ ኋለኛው ያደላል። ቁጥሩም ራሱ ይናገራል፤ አንድ ሚሊዮንኛው ፓተንት የተሰጠው በ1911፣ ሁለት ሚሊዮንኛው በ1935፣ ሦስት ሚሊዮንኛው በ1961 ነው። በሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ አካባቢ ያለ ቁጥር ካዩ፣ ያ መፍቻ ከ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በፊት እንዳልተሠራ ወዲያው ይገባዎታል። በነገራችን ላይ፣ ታዋቂው ቦክሰኛ ጃክ ጆንሰን አፉ የሚጠብና የሚሰፋውን መፍቻ ፈለሰፈ የሚል ወሬ በስፋት ይነገራል። ጆንሰን በ1922 በስሙ የመፍቻ ፓተንት ማግኘቱ እውነት ነው፤ ሊከበርበትም ይገባል። ነገር ግን ሎሪንግ ኮስ በአሜሪካዋ ዉስተር ከተማ በብሎን እየተገፋ አፉ የሚጠብና የሚሰፋ መፍቻ ፓተንት ያገኘው በ1841 ስለሆነ፣ የጆንሰን ሥራ ቀድሞ በነበረ ዕቃ ላይ የተደረገ ማሻሻያ ነው።

አሁን ወደ እንግሊዙ መፍቻ ልምጣ፤ ከሳጥንዎ ውስጥ እጅግ ብዙ የሚናገረው እርሱ ነው። በአንድ አፉ «3/8 ደብሊው»፣ ከጎኑ «7/16 ቢ ኤስ» ይላል። ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ) ወስደው የዚያን አፍ ስፋት ቢለኩ 18 ሚሊሜትር ያህል ያገኛሉ። 3/8 ኢንች ግን 9.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ 7/16ም ከ11 ሚሊሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ቁጥሩ የተሳሳተ ነው» ወይም «አፉ ተበልቷል» ይላል። ስሕተትም መበላትም አይደለም። በጥንቱ የእንግሊዝ ሥርዓት በመፍቻው ላይ የሚጻፈው የአፉ ስፋት ሳይሆን የሚፈታው ብሎን ውፍረት ነው፤ ጭንቅላቱ ከዘንጉ ስለሚሰፋ አፉም እንደዚያው ይሰፋል። ሥርዓቱ ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1841 ካቀረበው የብሎን ጥርስ ደረጃ የመነጨ ሲሆን «ደብሊው» የሚለው ፊደል የእርሱ ስም መነሻ ነው። «ቢ ኤስ» የሚለው ደግሞ ጥርሱ ደቀቅ ያለውን፣ በ1908 አካባቢ የወጣውን የእንግሊዝ ደረጃ ያመለክታል። የዚህ የደቃቁ ብሎን ጭንቅላት ከዊትዎርዙ በአንድ ደረጃ ያንሳል፤ ስለዚህ የ3/8 ዊትዎርዝና የ7/16 ደቃቅ ብሎን ጭንቅላቶች እኩል 0.710 ኢንች ሆነው በአንድ መፍቻ ይፈታሉ።

ከዚህ የምናገኘው የዘመን ፍንጭ ቀላል አይደለም። «ደብሊው» ብቻ ያለበት መፍቻ ከ1908 በፊትም በኋላም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ያለበት ግን ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። በ1948 እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ አንድ የጋራ የጥርስ ደረጃ ሲስማሙ የእንግሊዝ የመኪና ፋብሪካዎች ቀስ በቀስ ወደዚያ ዞሩ፤ መፍቻዎቻቸውም የአፉን ትክክለኛ ስፋት እየጻፉ «ኤ ኤፍ» የሚል ፊደል ይጨምሩበት ጀመር። «ኤ ኤፍ» የሚል የእንግሊዝ መፍቻ ካገኙ በአብዛኛው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው።

በእርስዎ መፍቻ ላይ ግን ይህን ሁሉ ስሌት የማያስፈልግ የሚያደርግ ነገር አለ። ባለ ሦስት ጭረት የቀስት ጫፍ የሚመስለው ምልክት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ነው፤ ከጎኑ ያለው 1942 ደግሞ በዚህ ጊዜ የምርት ዓመት እንጂ የፓተንት ዓመት አይደለም። በላዩ ምንም የኒኬል ወይም የክሮም ልባጥ አለመኖሩም ከዘመኑ ጋር ይስማማል፤ በጦርነቱ ወቅት ክሮምና ኒኬል ለጦር መሣሪያ ይፈለጉ ስለነበር የእጅ መሣሪያዎች ጥቁር ወይም እርቃኑን ብረት ሆነው ነበር የሚወጡት። ድሬዳዋ እንዴት ደረሰ ለሚለውም በቂ ምክንያት አለ። ጣልያን በ1941 ከተሸነፈ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1942 በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት መሠረት የባቡር ሐዲዱ ለጊዜው በእንግሊዞች ቁጥጥር ሥር ቆይቷል። የጦር ሠራዊት ንብረት የነበረ መፍቻ በባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ሳጥን ውስጥ መገኘቱ ለእኔ ከአጋጣሚ በላይ ነው። ከስድስቱ ዕቃዎች የአያትዎን የሥራ ቦታ ታሪክ በቀጥታ የሚነካው ይህ ስለሆነ ለብቻው በጥንቃቄ ቢያስቀምጡት ደስ ይለኛል።

የልክ ጉዳይ በአሜሪካ መፍቻዎችም ተመሳሳይ ግራ መጋባት ይፈጥራል። ዊልያም ሴለርስ በ1864 ባቀረበው ሥርዓት የብሎን ጭንቅላት ስፋት የሚገኘው የዘንጉን ውፍረት በአንድ ተኩል አባዝቶ 1/8 ኢንች በመጨመር ነው፤ ስለዚህ የግማሽ ኢንች ብሎን 7/8 ኢንች አፍ ያለው መፍቻ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት «1/2» ተብሎ የተጻፈበት፣ ሲለካ ግን 7/8 የሚሆን የቆየ የአሜሪካ መፍቻ ይገኛል። ኋላ የብሎን ጭንቅላት አንሶ የግማሽ ኢንቹ 3/4 ሆነ፤ የአፉን እውነተኛ ስፋት መጻፍም ተለመደ። ስለዚህ የተጻፈውና የተለካው የማይገናኙበት የአሜሪካ መፍቻ ሲያገኙ አይጣሉት፤ ብዙውን ጊዜ ከሳጥኑ ሁሉ አንጋፋው እርሱ ነው።

«ፎርድ» የሚለው በእጅ ጽሑፍ መልክ የተሠራበት መፍቻ ከመኪናው ጋር አብሮ ከሚሰጠው የዕቃ ከረጢት የወጣ ነው። ሞዴል ቲ የተባለችው መኪና ከ1908 እስከ 1927 ተመርታለች፤ ከእርሷ በኋላ የመጣችው ሞዴል «ኤ» የተባለችውም፣ ከ1917 ጀምሮ የወጣው ፎርድሰን ትራክተርም ተመሳሳይ ጽሑፍ ያለባቸው መፍቻዎች ነበሯቸው። መፍቻዎቹን የሚያቀርቡለት አምራቾች ብዙ ስለነበሩ ቅርጻቸው አንድ ሆኖ ትንንሽ ልዩነት ይታይባቸዋል። ጀርባው ላይ ሌላ ፊደል ወይም ምልክት ካለ ዘመኑን ማጥበብ ይቻላል፤ በላኩልኝ ፎቶግራፍ ግን አንዱ ፊት ብቻ ነው የሚታየው።

«ባህኮ» የሚለው ደግሞ የስዊድን ሥራ ነው። ዮሐን ፔተር ዮሐንሰን በኤንሾፒንግ ከተማ በ1886 ወርክሾፕ ከፍቶ በ1888 የቧንቧ መፍቻ፣ በ1892 ደግሞ ዛሬ በየጋራዡ የምናየውን፣ በአውራ ጣት በሚዞር ጥርስ አፉ የሚጠብና የሚሰፋ መፍቻ ፓተንት አገኘ። አሜሪካኖች በራሳቸው ሠርተው በሰፊው ያስለመዱት ዘግይተው ነው፤ በጄምስታውን ከተማ በ1907 የተቋቋመው የክሬሰንት ኩባንያ ስም እዚያ የመፍቻው ስም እስከመሆን ደርሷል። ባህኮ የሚለው ስም የመጣው የዮሐንሰንን ዕቃዎች ይሸጥ ከነበረው ከቢ ኤ ዮርት ድርጅት ስም ነው። የእርስዎ መፍቻ «ኤንሾፒንግ» የሚል የከተማ ስም ስላለበትና የኋለኛው ባለቤት ምልክት የሆነው ዓሣና መንጠቆ ስለሌለበት፣ ድርጅቱ በ1990ዎቹ ወደ ሌላ ባለቤት ከመዛወሩ በፊት የተሠራ መሆኑ ግልጽ ነው። ልባጡ በሚያብለጨልጭበት ቦታ ላይ ቀለሙን በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱልኝ። ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ ነጭ ከሆነ ኒኬል ነው፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ነጭ ከሆነ ክሮም ነው። ክሮም በፋብሪካ ደረጃ መለበጥ የተጀመረው በ1920ዎቹ አጋማሽ ስለሆነ፣ ክሮም ያለበት መፍቻ ከዚያ በፊት ሊሆን የሚችለው በኋላ እንደገና ከተለበጠ ብቻ ነው። እንደገና የተለበጠ ዕቃ ደግሞ ፊደላቱ ጠርዛቸው ደንዝዞ፣ ልባጡም በጭረቶችና በቡርቡሮች ላይ ሄዶ ስለሚታይ በአጉሊ መነጽር ይለያል።

የብረቱን ዓይነት በተመለከተ ብዙ አልልም፤ በዓይን ብቻ ማወቅ የሚቻለው ጥቂት ነው። በጎኑ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን የመገጣጠሚያ መስመር ያለው መፍቻ የጋለ ብረት በሁለት ቅርጽ ማውጫ መካከል እየተቀጠቀጠ የተሠራ ነው፤ ይህ አሠራር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የነበረ ስለሆነ ብቻውን ዘመን አይለይም። ገጹ ሸካራና እጀታው ወፍራም የሆነ፣ ጊዛ ወይም ሌላ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለርካሽ ዕቃ ወይም ለእርሻ መሣሪያ የተሠራ ነው። «ክሮም ቫናዲየም» የሚል ጽሑፍ በመፍቻዎች ላይ የተለመደው ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲሆን፣ ጠንካራው ብረት እጀታው እንዲቀጥን ስለፈቀደ ቀጫጭኖቹና ረጃጅሞቹ መፍቻዎች ከዚያ ወዲህ በዙ።

የ14 እና የ17 ሚሊሜትር አፍ ያለው፣ «ጌዶሬ» እና «ዌስት ጀርመኒ» የሚለው መፍቻ ዘመኑ የታጠረ ነው። ጌዶሬ በ1919 የዶዊዳት ወንድማማቾች በሬምሻይድ ከተማ ያቋቋሙት ድርጅት ነው። ምዕራብ ጀርመን የሚባለው አገር ግን ከ1949 እስከ 1990 ብቻ የኖረ ስለሆነ የአገሩ ስም ሁለቱንም ወሰን ያስቀምጥልናል። ከዚህም ጠበብ ማድረግ ይቻላል። የ8 ሚሊሜትር ብሎን ጭንቅላት በጀርመን ቀድሞ 14 ነበር፤ የቆዩ ቮልስዋገኖችን የፈቱ መካኒኮች ይህን ያስታውሳሉ። ኋላ 13 ሲሆን ከ17 ጋር የሚጣመረው አፍም 13 እየሆነ መጣ። የ14 እና የ17 ጥምር መሆኑ ስለዚህ ወደ ዘመኑ መጀመሪያ ያደላል እንጂ አይወስንም፤ ጃፓኖችም ለ10 ሚሊሜትር ብሎን 14ን፣ ለ12 ደግሞ 17ን ስለሚጠቀሙ እነዚህ ልኮች ከዚያ በኋላም ገበያ ነበራቸው።

የሩሲያ ፊደል ያለበት የመጨረሻው መፍቻ ከስድስቱ ታናሹ ሳይሆን አይቀርም። በአምስት ማዕዘን ውስጥ ያለው ምልክት የሶቪየት የጥራት ምልክት ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በ1967 ነው፤ የሶቪየት ኅብረት መፍረስ ደግሞ 1991ን የላይኛ ወሰን ያደርግልናል። ከቁጥሮቹ አጠገብ ያለው ሌላ አነስተኛ ቁጥር በኮፔክ (በሶቪየት ሳንቲም) የተጻፈ ዋጋ ነው፤ ዋጋው በመንግሥት የተወሰነ ስለነበር በብረቱ ላይ ይመታ ነበር። «ጎስት» (የሶቪየት መንግሥት የደረጃ መለያ) የሚል ጽሑፍ ካገኙበት ከሰረዙ በኋላ ያሉትን ሁለት አኃዞች ይመልከቱ፤ 71 ቢል የ1971 ደረጃ፣ 80 ቢል የ1980 ደረጃ ማለት ነው፤ መፍቻውም ከዚያ ዓመት አይቀድምም።

ወደ ጽዳቱ ስመለስ፣ መጀመሪያ ያለ ምንም ጽዳት ያንብቡ። መፍቻውን በጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ከብረቱ ጋር ሊነካካ እስኪቃረብ ዝቅ አድርገው ያብሩበት፤ ከላይ ሲበራ የማይታየው ጽሑፍ በጥላው ይነሣል። ካልታየም ነጭ ጠመኔ በላዩ አሽተው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጠመኔው በፊደላቱ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀር ጽሑፉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በዚያው ሁኔታ ፎቶግራፍ ያንሡት።

ከዚያ በኋላ በጋራዥ ለተጠራቀመው ቅባትና አቧራ በነጭ ጋዝ ነክሮ ማሳደርና በጥርስ ብሩሽ መፈተግ ይበቃል። ለዝገቱ ቀጭን የማሽን ዘይት ቀብተው ጥቂት ቀን አቆይተው በሻካራ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ይህንም መደጋገም ይቻላል። ኮምጣጤ ዝገት ቢያነሣም ብረቱን ግራጫ ያደርገዋል፤ ኒኬልና ክሮም ባለበት ላይ ደግሞ የተሰነጠቀውን ልባጥ ከሥሩ ያስለቅቀዋልና ለባህኮውና ለጌዶሬው አይሁን። የባትሪ አሲድ በምንም ምክንያት አይጠቀሙ፤ ገጹን ይበላል፣ ጠንካራውንም ብረት ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል። የተጣበቀውን የቧንቧ መፍቻ ጥርስ ለማላቀቅ በእሳት ማጋልም እንዲሁ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋል፤ ዘይት ጠብ አድርገው በትዕግሥት ወዲያና ወዲህ ያነቃንቁት። ጥቁሩን፣ ያልዛገውን የዘመን ቀለም ግን ይተዉት፤ ብረቱን ከአዲስ ዝገት የሚጠብቀው እርሱ ነው።

ለቀጣዩ ምርመራ የሚያስፈልጉኝ ጥቂት ነገሮች ናቸው። የፎርዱን መፍቻ ሁለተኛ ፊትና የቧንቧ መፍቻውን የመንጋጋ ጎን በጠመኔው ዘዴ አንሥተው ይላኩልኝ፤ በስቲልሰኑ ላይ ከ1869 በኋላ ሌላ ቀን ወይም የፓተንት ቁጥር ካለ ዘመኑን በብዙ ያጠብልናል። የስድስቱንም አፍ በካሊፐር ለክተው፣ በሚሊሜትርና እስከ አንድ ነጥብ ድረስ፣ ከተጻፈው ቁጥር ጎን ያስፍሩልኝ። ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት፣ ምንም ጽሑፍ የላቸውም ብለው የተዉዋቸው መፍቻዎችም ይለኩ፤ አፋቸው 13.3፣ 15.2 ወይም 18 ሚሊሜትር ከሆነ እነርሱም የዊትዎርዝ ናቸውና ከ1942ቱ መፍቻ ጋር አብረው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።